«ቀብድ»፣ «ገደብ» እና «ባለሀብት»፦ በመኖሪያ ቤት ሽያጭ ውል ቋንቋ ላይ የቀረበ ሒስ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በመኖሪያ ቤት ሽያጭ ውሎች ውስጥ ዘወትር የሚገኙ ጥቂት ቃላትን መርምሮ፣ ቃላቱ በሕጉ ውስጥ ያላቸውን ፍችና በተዋዋዮች አንደበት ያላቸውን ፍች ማነጻጸር፣ ከዚያም ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ለተርጓሚዎች ይበጃል የምንለውን አስተያየት ማቅረብ ነው። ለማነጻጸሪያ የመረጥነው የሐዋሳን ከተማ ነው። ሐዋሳ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ ጉራጊኛ፣ ኦሮምኛና ሌሎችም ቋንቋዎች አፋቸውን የፈቱ ሰዎች በአማርኛ የሚዋዋሉባት ከተማ ናት። አንድ ቃል ሁለት ፍች ሲይዝ፣ ቃሉን ከእናቱ አፍ የተማረው ሰው እንኳ የሚደናገር ከሆነ፣ በትምህርት ቤትና በገበያ የተማረው ሰው ይልቁንም እንደሚደናገር ግልጽ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ሲዳማም በ2012 ዓ.ም. ክልል ሆና ሐዋሳ መቀመጫዋ ከሆነች ወዲህ፣ በከተማዪቱ ቤት መግዛትና መሸጥ የብዙ ሰው ጉዳይ ስለሆነ የነገሩ ክብደት የዚያኑ ያህል ነው።

የቤት ገዥ መንገድ በአብዛኛው የታወቀ ነው። መጀመሪያ ደላላ ያገናኘዋል፤ ቀጥሎ ጽሑፍ ቤት ገብቶ ውሉን ያስጽፋል፤ በመጨረሻም ሕዝቡ «ውልና ማስረጃ» እያለ በሚጠራው መሥሪያ ቤት ፊት ቀርቦ ይፈርማል። ጠበቃ ዘንድ የሚኬደው አብዛኛውን ጊዜ ክርክር ከተነሣ በኋላ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የጥብቅና አዋጅ ቁጥር 199 ውል ማዘጋጀትን ከጥብቅና አገልግሎት አንዱ አድርጎ ተርጉሞት ነበር፤ ይህ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ተተክቷል። ይሁን እንጂ ሕጉ ለጠበቃ የሰጠውን ሥራ ልማድ ለጽሑፍ ቤት እንደ ሰጠው ይታያል። የጽሑፍ ቤቱ ባለሙያ ደግሞ ውል አያረቅም፤ ከዚህ ቀደም የተጻፈውን ውል ወስዶ ስምና ዋጋ ይለውጥበታል። ስለሆነም በአንድ ውል ውስጥ የገባ የቃል ስሕተት በሺሕ ውል ውስጥ ይኖራል።

በሌላ አገር ይህን ችግር ለማቃለል የተሞከረበት አንድ መንገድ አለ። በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1983 ባጸደቀው ስምምነት መሠረት፣ የቤት ደላሎች የሚያዘጋጁት የመኖሪያ ቤት ሽያጭ ውል፣ የሻጭ ወይም የገዥ ጠበቃ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ አይቶ ሊቃወመው እንደሚችል የሚገልጽ ቃል ሊኖረው ይገባል። በእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በተደነገጉት አንቀጾች ውስጥ እንዲህ ያለ የማሰቢያ ጊዜ አልተሰጠም፤ የፈረመ ፈርሟል። ስለዚህ በእኛ አገር ውል የሚታየው ሳይፈረም መሆን አለበት።

ይህን ሥራ በአማርኛ ምን እንበለው? አንዳንድ ተርጓሚ «የጠበቃ ግምገማ» ይላል። ግምገማ ግን በእኛ ዘመን ሰውና የሥራ አፈጻጸም የሚነቀፍበት የስብሰባ ስም ሆኗል። «ክለሳ» የሚለውም አልተስማማንም፤ ክለሳ የተጻፈን ጽሑፍ እንደገና ማረም እንጂ፣ ተዋዋዩን ሊጎዳ የሚችለውን ነገር ለይቶ ማሳወቅ አይደለም። ሕዝቡ ራሱ «ውሉን ለጠበቃ አሳየሁት» ይላል። ይህ አነጋገር ጥሩ አማርኛ ነው፤ ነገር ግን የሚያመለክተው ባለጉዳዩ ያደረገውን እንጂ ጠበቃው የሚያደርገውን አይደለም። በእኛ አስተያየት «የውል ምርመራ» የሚለው ይሻላል። «ምርመራ» ለብቻው ሲቆም ፖሊስን ወይም ሐኪምን ያሳስባል፤ «የውል» የሚለው ዘርፍ ሲቀድመው ግን መጽሐፍ መረመረ፣ ሒሳብ መረመረ ወደሚለው ነባር ፍቹ ይመለሳል።

ወደ ቃላቱ ከመግባታችን በፊት ስለ ምንጫቸው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በፈረንሳዊው ሊቅ በሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ተረቅቆ፣ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ከተመለሰ በኋላ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ ወጥቶ፣ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ጸንቷል። ከዚያ ዘመን ወዲህ የአገሪቱ የንብረት ሥርዓት ከመሠረቱ ተለውጧል፤ የሕጉ ቃላት ግን በቦታቸው አሉ። በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 3/1987 እንደተደነገገውም በአማርኛውና በእንግሊዝኛው ንባብ መካከል ልዩነት ሲኖር የሚጸናው የአማርኛው ነው። እንግዲህ የአማርኛ ቃል የሕግ ጥላ አይደለም፤ ራሱ ሕግ ነው።

1. ቀብድ። በሕጉ ቁጥር 1883 እና ተከታዮቹ ቀብድ ራሱን የቻለ የሕግ ነገር ነው። ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ ይሆናል። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር በቁጥር 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠው ሰው ቀብዱን ለቅቆ ውሉን ሊተው ይችላል፤ የተቀበለውም እጥፉን መልሶ ሊተው ይችላል። ባጭሩ ቀብድ የመውጫ በር ዋጋ ነው። በገበያ አነጋገር ግን ቀብድ ማለት ከዋጋው ላይ አስቀድሞ የተከፈለ ማናቸውም ገንዘብ ነው። ዋጋው 4,000,000 ብር የሆነ ቤት ተሽጦ ገዥው 1,000,000 ብር ሰጠ እንበል። ውሉ «በቀብድ» ቢል፣ የቤት ዋጋ ከፍ ሲል ሻጩ 2,000,000 ብር መልሼ ውሉን ትቻለሁ ለማለት መንገድ ያገኛል፤ ገዥው ገንዘብ ቢያጥረው ደግሞ 1,000,000 ብሩን ሊያጣ ነው። ውሉ «ከዋጋው በቅድሚያ የተከፈለ» ቢል ግን ለሁለቱም ይህ በር ዝግ ነው፤ ገዥው ቤቱን ልረከብ ብሎ ሊከራከር ይችላል። ገዥውና ሻጩ ከሁለቱ የትኛውን አስበው እንደነበረ ከቃሉ ማወቅ አይቻልም። የገዥው ዕድል የተንጠለጠለው በአንድ ባለሦስት ፊደል ቃል ላይ ነው።

2. ገደብ። በቤት ሽያጭ ውሎች መጨረሻ የሚገኘው የተለመደ ዐረፍተ ነገር በግምት የሚከተለውን ይመስላል፦ «ይህን ውል ያፈረሰ ወገን ለውል አክባሪው ብር 100,000፣ ለመንግሥት ብር 50,000 ገደብ ከፍሎ ውሉ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731፣ 1889 እና 1890 መሠረት የጸና ይሆናል።» በዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ቢያንስ አራት ጉድለቶች ይታዩናል።

አንደኛ፣ ገደብ የሚለው ቃል ለዛሬው ተናጋሪ ወሰን ማለት ነው፤ የፍጥነት ገደብ፣ የጊዜ ገደብ፣ በገደብ የተለቀቀ እስረኛ እንላለን። ተዋዋዮች ውላቸውን ላላከበረው ወገን አስቀድመው የቆረጡት ኪሣራ መሆኑን ከሕግ ባለሙያ በቀር የሚረዳው ጥቂት ነው። ሁለተኛ፣ «ለመንግሥት» የሚለው ቃል ከሕጉ ጋር አይገጥምም፤ ቁጥር 1889 የሚናገረው ተዋዋዮች እርስ በርሳቸው ስለሚካካሱት ኪሣራ ነው፤ መንግሥት የውሉ ወገን አይደለም። ሦስተኛ፣ ዐረፍተ ነገሩ ገደቡ ተከፍሎም ውሉ ይጸናል ይላል። ሕጉ ግን በቁጥር 1890 ባለመብቱ ገደብ ቢቀመጥም ውሉ እንዲፈጸምለት መጠየቅ እንደሚችል ከገለጠ በኋላ፣ ሁለቱን በአንድነት መጠየቅ የሚችለው ገደቡ ለመዘግየት ወይም ለተጨማሪ ግዴታ በተነገረ ጊዜ ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩ ሕጉ የከለከለውን ነገር ራሱን የከለከለውን ቁጥር ጠቅሶ ይጠይቃል። አራተኛ፣ በዚያው ውል ላይ «ቀብድ» የሚል ቃል ከሰፈረ፣ ከውሉ የሚወጣው ሰው የሚከፍለው የቀብዱን እጥፍ ነው ወይስ ገደቡን የሚል አዲስ ጥያቄ ይወለዳል።

3. ማፍረስ። ከዚህ በላይ ባመለከትነው ዐረፍተ ነገር «ያፈረሰ» የተባለው ግዴታውን ያልፈጸመው ሰው ነው። በሕጉ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። ሲመሠረት ጉድለት ያለበት ውል ይፈርሳል፤ በትክክል የተመሠረተ ውል በአንዱ ወገን አለመፈጸም ወይም በሌላ ምክንያት ይሠረዛል፤ ግዴታውን ያልተወጣ ሰው ደግሞ ውሉን አፈረሰ ሳይሆን አልፈጸመም ወይም ጣሰ ይባላል። ቁጥር 1808 ውል እንዲፈርስ ማን መጠየቅ እንደሚችል፣ ቁጥር 1810 ጥያቄው በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ እንዳለበት ይናገራሉ። ገንዘብ ያልከፈለውን ገዥ «ውል አፍራሽ» ብሎ የሚጽፍ ሰው፣ ሳያውቀው ከአንዱ ምዕራፍ ወደ ሌላው ምዕራፍ ይሻገራል። ክስ የሚመሠርተው ወገንም «ውሉ ይፍረስልኝ» ሲል መሠረዙን ፈልጎ እንደሆነ ዳኛው ከሁኔታው መርምሮ ማግኘት ይኖርበታል።

4. ባለሀብትና ባለቤት። ሕጉ የንብረት ጌታ የሆነውን ሰው «ባለሀብት» ይለዋል። በ1952 ዓ.ም. ይህ ቃል ተስማሚ ነበር። ዛሬ ግን ባለሀብት ማለት ገንዘቡን በንግድና በኢንዱስትሪ ሥራ ላይ ያዋለ ከበርቴ ነው። «ስመ ሀብት ማዛወር» በሚለው የቢሮ አነጋገር ብቻ የጥንቱ ፍች በሕይወት አለ። ሕዝቡ በምትኩ የሚናገረው «ባለቤት» ደግሞ ከዚህ የባሰ አሻሚ ነው፤ ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው «ባለቤቴ» ይባባላሉና። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በቁጥር 68 የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል፤ በቁጥር 69 መሠረትም ያልተስማማው ተጋቢ ውሉ እንዲፈርስለት ነገሩን ካወቀበት ቀን አንሥቶ በ6 ወር ውስጥ፣ በማናቸውም አኳኋን ግን ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ መጠየቅ ይችላል። ይህ ሕግ በተለይ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ የወጣ ቢሆንም፣ ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ስለሚያወጡ ጥያቄው በሐዋሳም ይነሣል። እንግዲህ «ባለቤቱ ተስማምተው ፈርመዋል» የሚል ውል ምን ይላል? የቤቱ ጌታ ፈረሙ ወይስ የሻጩ የትዳር ጓደኛ? ከአንድ ቃል ሁለት ሰው ይወጣል፤ የጎደለው ፊርማ ግን አንድ ነው።

5. ይዞታ፣ ቦታና መሬት። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነዋል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥም ደንግጓል። የሚሸጠው ቤቱ ነው፤ የቦታው የመጠቀም መብት ቤቱን ተከትሎ ይተላለፋል። ይህም ሆኖ «ቤቴን ከነቦታው ሸጬላቸዋለሁ» የሚል ውል ዛሬም ይጻፋል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ አነጋገር ከልማድ የመጣ እንጂ ተንኮል የለበትም፤ ነገር ግን በከተሞች ዳርቻ፣ የእርሻ መሬት ወደ ከተማ በሚለወጥበት ሥፍራ፣ በእርግጥ የሚሸጠው መሬቱ ሆኖ ለስም ብቻ ጎጆ ሲጠቀስበት፣ ይህ የቃል ልማድ መሸፈኛ ይሆናል። «ይዞታ» የሚለው ቃልም ድርብ ሸክም ተጭኖበታል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1140 ይዞታ ማለት አንድን ነገር በእጅ አድርጎ በእርግጥ ማዘዝ ነው፤ ሌባም ሳይቀር ይዞታ ሊኖረው ይችላል። በከተማ ቦታ ሕጎች ግን ይዞታ ራሱ መብት ነው፤ ሕዝቡ ካርታ የሚለው ሰነድም «የባለይዞታነት ማረጋገጫ» ይባላል። «ቤቱን በይዞታዬ አድርጌ እኖርበታለሁ» የሚል ሻጭ ከሁለቱ የትኛውን እንደተናገረ የሚያጣራ ሰው ከሌለ፣ ገዥው ካርታ የሌለውን ቤት ካርታ ያለው መስሎት ይገዛል።

6. በፊትና መመዝገብ። ይህ ምሳሌ በቀጥታ የተርጓሚዎች ጉዳይ ነው። የሕጉ ቁጥር 1723 በእንግሊዝኛው ንባብ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ እንዲመዘገብ ያዝዛል፤ የአማርኛው ንባብ ግን ውሉ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲሆን ያዝዛል። የተጻፈን ውል ማስመዝገብና ውሉን በሹም ፊት ማድረግ አንድ ሥራ አይደለም። በሌላ በኩል ቁጥር 2877 ለቤት ሽያጭ የሚጠይቀው ጽሑፍን ብቻ ነው። ከዚህ ልዩነት የተነሣ ለብዙ ዘመን ክርክር ነበር። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ፣ በቁጥር 1723 የተመለከተውን ሥርዓት ያላሟላ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም አለ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ውሉ መደረጉ በታመነ ጊዜ ነገሩን ለዘብ አድርጎ ያየባቸው ውሳኔዎች ታይተዋል። በቁጥር 1720 አነጋገር ሥርዓቱን ያላሟላ ውል ረቂቅ ብቻ ነው። በጽሑፍ ቤት ተጽፎ በሁለት ምስክሮች ፊት ተፈርሞ በኪስ የተቀመጠ ወረቀት ለገዥው ቤቱ ነው፤ ለሕጉ ግን ረቂቅ ሊሆን ይችላል።

እስካሁን የነቀፍነው የጽሑፍ ቤቱን ልማድ ነው። የሕግ ባለሙያዎቹም ከነቀፌታ አያመልጡም። በእነርሱ እጅ የተዘጋጁት ውሎች ከላይ በተጠቀሱት ረገዶች የተሻሉ ቢሆኑም፣ ሌላ በሽታ ይታይባቸዋል፤ ይኸውም የአንቀጽ ቁጥርን እንደ ማኅተም መቁጠር ነው። «በቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት የጸና ነው» የሚለው አነጋገር ውልን አያጸናም። ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተመሠረተ ውል በተዋዋዮች መካከል እንደ ሕግ ያስገድዳል የሚል ነው፤ ውሉ በሕግ አግባብ ካልተመሠረተ ቁጥሩ መጠቀሱ ምንም አይጨምርለትም፤ ከተመሠረተም ቁጥሩ ባይጠቀስም ይጸናል። ቁጥር ለማያውቀው ተዋዋይ የሚያስፈራ ጌጥ ነው፤ ለሚያውቀውም ትርፍ ነገር ነው።

ከነቀፌታው ጎን ለጎን መመስገን ያለበት ነገር አለ። የጽሑፍ ቤት ውል «እኔ ሻጭ ... ሸጬላቸዋለሁ፤ እኔም ገዥ ... ገዝቻለሁ» እያለ በአንደኛ መደብ ይናገራል። ይህ አገባብ አንዳንድ ባለሙያዎች እንደ ኋላ ቀርነት ቆጥረው «በሻጭና በገዥ መካከል ተደርጓል» በሚል ተደራጊ ግሥ ሲለውጡት ይታያል። እኛ በዚህ አንስማማም። «ተከራካሪ ቢነሣ እኔ ሻጭ መልስ እሰጣለሁ» የሚል ሰው ግዴታውን በገዛ አንደበቱ ተቀብሏል፤ «መልስ ይሰጣል» ሲባል ግን ማን የሚለው ጥያቄ ይቀራል። የአማርኛ ግሥ አድራጊውን በውስጡ ይዞ የሚሄድ በመሆኑ፣ አንደኛ መደብ ለውል ቋንቋ የሚያጎናጽፈውን ግልጽነት ከውጭ አገር በመጣ አገባብ መለወጥ አይገባም።

ምናልባት «ዳኛ የሚመለከተው የተዋዋዮችን ሐሳብ እንጂ ቃላቸውን አይደለም፤ ታዲያ ይህ ሁሉ የቃል ጭንቀት ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። መልሱ በራሱ በሕጉ ውስጥ ይገኛል። በቁጥር 1733 መሠረት የውሉ ቃል ግልጽ ሲሆን ዳኛው ከእርሱ አይወጣም፤ ሐሳብ መፈለግ የሚመጣው በቁጥር 1734 መሠረት ቃሉ አሻሚ ሲሆን ነው። «ቀብድ» ደግሞ በሕጉ ውስጥ የታወቀ ፍች ያለው ቃል ስለሆነ፣ ለሕግ ዐዋቂው ግልጽ፣ ለተዋዋዩ ግን ሌላ ነገር የሚል ቃል ነው። ከአሻሚ ቃል ይልቅ የሚያሠጋው ይህ ነው፤ አሻሚ ቃል ጥያቄ ያስነሣል፤ ለአንዱ እንዲህ ለሌላው እንዲያ ግልጽ የሆነ ቃል ግን እስከ ክርክሩ ቀን ድረስ ዝም ይላል።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉትን ሐሳቦች እናቀርባለን። «ቀብድ» የመውጫ ዋጋ ለሆነው ገንዘብ ብቻ እንዲጠበቅ፤ ለሌላው «ቅድሚያ ክፍያ» እንዲባል። «ገደብ» በሕጉ ውስጥ ባለበት ቢቆይም፣ በውልና በመዝገበ ቃላት «አስቀድሞ የተቆረጠ ካሣ» በሚል እንዲፈታ፤ ካሣ መቁረጥ ሕዝቡ የሚያውቀው አነጋገር ነውና። ግዴታውን ያልፈጸመው «ውሉን የጣሰ» እንጂ «ያፈረሰ» እንዳይባል። የንብረቱ ጌታ «ባለንብረት»፣ ተጋቢው «የትዳር ጓደኛ» እንዲባል፤ «ባለቤት» የሚለው ቃል ከውል ጽሑፍ እንዲወጣ። «ይዞታ» ሲጻፍ የካርታው ቁጥር አብሮ እንዲጻፍ፣ ካርታ ከሌለም ይኸው በግልጥ እንዲነገር። መዝገበ ቃላት አዘጋጆችም ለእነዚህ ቃላት የሕጉንና የገበያውን ፍች በተለያየ ቁጥር ለይተው እንዲያሰፍሩ እንመክራለን፤ አንዱን ትክክል፣ ሌላውን ስሕተት ማለት የመዝገበ ቃላት ሥራ አይደለም፤ ሁለቱ እንደሚለያዩ ማስታወቅ ግን ሥራው ነው።

የነገሩ አስቸኳይነት በሐዋሳ ይልቁንም ይታያል። የሲዳማ ክልል የሥራ ቋንቋ ሲዳምኛ በመሆኑ፣ የውል ቃላትን በዚያ ቋንቋ ማዘጋጀት የዚህ ትውልድ ተርጓሚዎች ዕጣ ነው። «ቀብድ» የሚለውን ወደ ሲዳምኛ የሚመልስ ተርጓሚ በመጀመሪያ የትኛውን ቀብድ እንደሚተረጉም መጠየቅ አለበት፤ ካልጠየቀ የአማርኛውን ግርታ ወደ ሌላ ቋንቋ አሻግሮ ለሁለተኛ ጊዜ ሕግ ያደርገዋል። በ1952 ዓ.ም. ከፈረንሳይኛ ወደ አማርኛ በተሻገርንበት ጊዜ ያልተጠየቁ ጥያቄዎች ዛሬም በየችሎቱ እየተጠየቁ ናቸው። ከአማርኛ ወደ ሲዳምኛ የሚደረገው ጉዞ ግን ገና በጅምር ላይ ስለሆነ፣ የሕግ ባለሙያዎች፣ የሲዳምኛ ሊቃውንትና የቃላት አጥኚዎች በአንድ ገበታ ተቀምጠው ከላይ ከዘረዘርናቸው ቃላት ቢጀምሩ የሚዘገይ ሥራ አይሆንም።